ላም አለኝ በሰማይ፦ የንግድ ምልክት ማመልከቻ ከገባ በኋላ

በአገራችን የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ «አስገብተናል» የሚለውን ያህል አታላይ ቃል ያለ አይመስለኝም። አቤቱታ አስገብተናል፣ ጥያቄ አስገብተናል፣ ማመልከቻ አስገብተናል እንላለን፤ ይህን ባልን ማግስት ጉዳዩ የተፈጸመ ያህል እፎይ ብለን ወደ ሌላ ወሬ እንሻገራለን። ማስገባት ግን የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። አስገብተው የማይከታተሉት ማመልከቻ አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉለት ዓይነት ሀብት ነው።

ዛሬ ላነሣው የወደድሁት የንግድ ምልክት ማመልከቻ ከገባ በኋላ ስለሚሄድበት መንገድ ነው። «ይህ የነጋዴና የጠበቃ ጉዳይ በፖለቲካ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ የአንድን ሕዝብ ስም የሚመለከትበት ጊዜ አለና።

ከታሪኩ እንነሣ። ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በማርች 2005 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባቋቋመው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት አማካይነት፣ «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ» የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ሦስቱ ማመልከቻዎች በአንድ ሰሞን ገቡ፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ። ይርጋጨፌ በኦገስት 2006 ተመዘገበ። የሐረር በ2005 መገባደጃ ላይ፣ የሲዳሞም በ2006 መርማሪው ፊት ወደቁ። የተሰጠው ምክንያት ስሞቹ የቡናን ዓይነት የሚገልጹ የወል ቃላት እንጂ የአንድን ባለቤት ምርት ከሌላው የሚለዩ ምልክቶች አይደሉም የሚል ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ምዝገባውን ተቃውሞ ነበር። የሲዳሞ ማመልከቻ ከዚህ በተጨማሪ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ስታርባክስ «ሲዳሞ» የሚለውን ቃል የያዘ የምርት ስም ለማስመዝገብ በ2004፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ቀደም ብሎ፣ አመልክቶ ስለነበር፣ ኩባንያው በ2006 ማመልከቻውን እስኪተው ድረስ የእኛው ከኋላው ተሰልፎ ጠበቀ። የሲዳሞን ስም ለማስመዝገብ የሲዳሞ አገር ወረፋ መያዝ ነበረበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢቆም ኖሮ «አመልክተን ነበር፣ ከለከሉን» የሚል የብሶት ታሪክ ብቻ በተረፈን ነበር። አልቆመም። በጊዜው ጽሕፈት ቤቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴና ባልደረቦቻቸው ለመርማሪው መልስ አዘጋጁ፤ ማስረጃ አቀረቡ። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በ2006 ዘመቻውን ተቀላቀለ፤ በእርሱ ግምት ስሞቹ ቢመዘገቡ ኢትዮጵያ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ልታገኝ ትችል ነበር። በጁን 2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በ2008 ሲዳሞም ሐረርም ተመዘገቡ። ከማመልከቻው እስከ መጨረሻው የምስክር ወረቀት ድረስ ሦስት ዓመት ያህል ነው። በእኔ ግምት ድሉን ያመጣው በ2005 ማመልከቻውን የወሰደው እጅ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ያልለቀቀው ዓይን ነው።

እኔ ይህን ሁሉ በዘመኑ የሰማሁት እንደማንኛውም ሰው በዜና ነበር። አሠራሩን በቅርብ ያየሁት ለአክስቴ ጉዳይ ጸሐፊ በሆንሁ ጊዜ ነው። አክስቴ በሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪ ናት። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ «የአያቴ ሌማት በርበሬ» በሚል ስም ለሐበሻ ሱቆች ታከፋፍላለች። ለልጆቿ የምታወርሰው ቤት የላትም፤ ስም ግን አላት። ገዢዎች ያን ስም ጠርተው ይጠይቃሉ። አንድ ሌላ ሻጭ ተመሳሳዩን ስም በከረጢቱ ላይ ቢያትም ግን ምን ታደርጋለች? ይህ ስጋት እንቅልፍ ሲነሣት ስሙን ለማስመዝገብ ወሰነች፤ እኔም ወረቀቱን ሞላሁላት። ለአንድ የዕቃ ክፍል 350 ዶላር ተከፈለ። ቡናም በርበሬም በዓለም አቀፉ ምደባ በአንድ ክፍል፣ በ30ኛው ውስጥ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የአክስቴ በርበሬና የይርጋጨፌ ቡና በአንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ማመልከቻው እንደገባ ስምንት አኃዝ ያለው የመለያ ቁጥር ይሰጣል። ያን ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያስገባ ሰው ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያያል። መቼ እንደገባ፣ አሁን በምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ የትኛው መርማሪ እንደያዘው፣ ጽሕፈት ቤቱ ምን እንደጻፈ፣ አመልካቹ ምን እንደመለሰ፣ ሁሉም በየቀኑ ተዘርዝሮ ይገኛል። የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ «ምን አግብቶህ?» የሚል የለም። የአክስቴን ፋይል እኔ ብቻ ሳልሆን ተፎካካሪዋም ሊያነበው ይችላል፤ እኔም የኢትዮጵያን መንግሥት የቡና ፋይሎች ከፍቼ ማየት እችላለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አመልካቾች በየሦስትና በየአራት ወሩ ፋይላቸውን እንዲመለከቱ ይመክራል። እኔ ግን የአክስቴ የሚካኤል ማኅበር በሚውልበት ቀን፣ በየወሩ በ12፣ መክፈትን ልማድ አደረግሁ። እርሷም ከጸበል ጸዲቁ በኋላ «ልጄ፣ ፋይሌ እንዴት አደረ?» ትለኛለች፤ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ ሁሉ።

ብዙ ወራት መልሱ አንድ ነበር፦ «ገና ለመርማሪ አልተመራም»። ይህን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው መበሳጨቱ አይቀርም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ምንም አለመደረጉን በግልጽ የሚነግር መሥሪያ ቤትና ምንም ሳያደርግ «በሂደት ላይ ነው» የሚል መሥሪያ ቤት አንድ አይደሉም።

ከግማሽ ዓመት በላይ ከቆየን በኋላ በአንዱ ሚካኤል ፋይሉን ስከፍት አዲስ ደብዳቤ ተቀምጧል። የኢሜይል ማስታወቂያው በሱቅ ማስታወቂያዎች ክምር ሥር ተቀብሮ ነበር፤ ደብዳቤውን ያገኘሁት ከፋይሉ ነው። መርማሪው ሁለት ነገር ጠይቋል። አንደኛ፣ ምልክቱ በባዕድ ፊደልና ቋንቋ ስለሆነ ንባቡ በላቲን ፊደል፣ ትርጉሙም በእንግሊዝኛ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ «በርበሬ» የሚለው ቃል የዕቃው መጠሪያ ስለሆነ፣ አመልካቿ ይህን ቃል ለብቻው በሞኖፖል እንደማትይዘው ታረጋግጥ። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ስድስት ወር ነበር፤ አሁን ሦስት ሆኗል፤ ክፍያ ለከፈለ ሦስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመርለታል። መልስ ካልተሰጠ ማመልከቻው «እንደተተወ» ይቆጠራል። እንደተተወ! ያመለከተው ሰው ትቶት ሳይሆን ዝም ብሎ ብቻ። በዚያ ሕግ ፊት ዝምታ ወርቅ አይደለም። ባለጉዳዩ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ ነቅቶ «አልተውሁም» ብሎ ካላስነሣው በቀር፣ ገንዘቡም ወረፋውም ሄደ ማለት ነው።

መልሱን ለመጻፍ ከአክስቴ ጋር ተቀመጥን። «ሌማት»ን በምን እንተርጉመው? ቅርጫት እንዳንለው ቅርጫት አይደለም። በመጨረሻ «ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ የእንጀራ ማስቀመጫ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አሰፈርን። ሁለተኛውን ጥያቄ ስገልጥላት ትቆጣለች ብዬ ነበር። እርሷ ግን ሳቀችና «በርበሬማ ምኑ ይጠየቃል? ያገር ነው! እኔ የምለው ስሜን አትንኩብኝ ነው» አለችኝ። የንግድ ምልክት ሕግን ጠበቆች ከዚህ ባጠረ ቃል ሲገልጡት አልሰማሁም። የሁሉ የሆነው ለሁሉ ይቀራል፤ የባለቤቱን እጅ ከሌላው እጅ የሚለየው ግን ለባለቤቱ ይጠበቃል።

በሐረርና በሲዳሞ ላይ የተነሣው ክርክርም ሥሩ ይኸው ነበር። ነጋዴዎቹ «ሲዳሞ» ማለት እንደ «በርበሬ» የወል ስም ነው አሉ። የኢትዮጵያ መልስ ደግሞ፦ ገዢው ይህን ስም ሲሰማ የሚያስበው ማንኛውንም ቡና ሳይሆን የእኛን ገበሬ እጅ ነው፤ ስሙ በዘመናት አጠቃቀም መለያነት አግኝቷል የሚል ነበር። ሕጉ እንዲህ ላለው መልስ በር ይከፍታል። በሩ የሚከፈተው ግን በቀነ ገደቡ ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ላንኳኳ ብቻ ነው።

ክትትል ሌላም ጥቅም አለው። ፋይሉ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ የአመልካቹ አድራሻ ለአጭበርባሪም የተሰጠ ነው። አንድ ቀን አክስቴ ንስር የታተመበት፣ የመንግሥት ወረቀት የሚመስል ደብዳቤ ደረሳት፤ «የንግድ ምልክትዎ እንዳይሰረዝ» ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ በአስቸኳይ ክፈይ ይላል። እጇ ቼክ ሊጽፍ ተዘርግቶ ነበር። ፋይሉን ከፈትን፤ የሚጠበቅባት አንዳች ክፍያ የለም። ጽሕፈት ቤቱ ስለ እንዲህ ዓይነቱ የማታለያ ደብዳቤ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ፋይሉን የማያይ ሰው በምን ይለየዋል? የሐሰትን ደብዳቤ ያጋለጠው ሌላ ነገር ሳይሆን እውነተኛው መዝገብ በእጃችን መሆኑ ነው።

መርማሪው መልሳችንን ተቀበለ። ቀጥሎ ያለው ደረጃ ምልክቱን በየማክሰኞው በሚወጣው የጽሕፈት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ማተም ነው። ከታተመበት ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ቀን ማንም «ይህ ስም ይጎዳኛል» የሚል ሊቃወም ወይም ተጨማሪ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት የአክስቴ ሠላሳ ቀን ገና አላለቀም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ አጥሩን የሚነቀንቅ ቢመጣ ግን ባለቤቱ ቤት መኖሩን ማሳየት አለበት። ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። የእናንተን ስም የሚመስል ስም በሌላ ሰው ሲታተም የምታዩትና የምትቃወሙት እናንተው ናችሁ፤ ከምዝገባም በኋላ ቢሆን ጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ሆኖ ገበያ ለገበያ አይዞርላችሁም።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልመለስ። በአገር ቤት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት አንድ ፋይል ለማስጨረስ ወራት ደጅ ጠንቻለሁ። «ፋይሉ አለቃው ጋ ነው»፤ «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ «ነገ ተመለስ»። ብዙዎቻችሁ ከዚህ የባሰ ታሪክ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ውስጥ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሚኒስትሩ አይደሉም። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነው። እርሱ ሲከፋ ፋይሉ ይጠፋል፤ ደስ ሲለው ይገኛል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ጉዳይን መከታተል» ማለት ሰውን መከታተል ሆኖ ቀርቷል፤ ጉዳዩን ሳይሆን ባለሥልጣኑን፣ መዝገቡን ሳይሆን ዘመዱን። ሙስናን በንግግር ብቻ ማጥፋት የማይቻለው ለዚህ ነው። ተራ ዜጋ የፋይሉን ሁኔታ ማንንም ሳይለምን ሊያይ በቻለበት ቦታ ጉቦ ተቀባዩ የሚሸጠው ዕቃ ያጣል።

ይህን ስል አሜሪካንን ለማወደስ እንዳይመስላችሁ። የዚያ አገር ሥርዓት ለማያውቀው ርኅራኄ የለውም። እንግሊዝኛ ለማያነብ፣ ቀን ለማይቆጥር ሰው በሩ ክፍት ሆኖም እንደተዘጋ ነው። ከኦገስት 2019 ጀምሮ ደግሞ ነዋሪነቱ ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች ሁሉ በዚያ አገር ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማቆም ግዴታው ነው። አክስቴ ነዋሪነቷ ቨርጂኒያ ስለሆነ ያለ ጠበቃ አመለከተች፤ አዲስ አበባ የምትኖር እኅቷ ግን ያንኑ በርበሬ በዚያው ስም ለማስመዝገብ ብትሻ የአሜሪካ ጠበቃ መክፈል አለባት። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

«ጠበቃ ካለማ ክትትሉ የጠበቃው ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። በቡናው ጉዳይም ጠበቆች ነበሩ። ነገር ግን ሲዳሞ የማን እንደሆነ፣ ቡናው እንዴት እንደሚመረት፣ ስሙ ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ ጠበቃ ከሕግ መጽሐፍ አያገኘውም። ማስረጃ ከባለቤቱ ይመጣል። ጠበቃ ብዕር ነው፤ ዓይኑ ግን የባለቤቱ መሆን አለበት።

የነገሩ ክብደት ያለው ደግሞ ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ነው። በአሜሪካ ሕግ ምልክቱ ከተመዘገበ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል ባለቤቱ በሥራ ላይ መሆኑን በመግለጫ ማረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም በየአሥር ዓመቱ ያድሳል። ቀኑ ካለፈ በቅጣት የስድስት ወር ፋታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምዝገባው ይሞታል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ዓ.ም. መሠረት ደግሞ ምዝገባ የሚጸናው ለሰባት ዓመት ሲሆን፣ በየሰባት ዓመቱ መታደስ አለበት። ምዝገባ ከተገኘ በኋላም ሙግት አይቀርም። በጃፓን የተመዘገቡት የቡና ስሞቻችን እንዲሰረዙ የዚያው አገር የቡና ማኅበር ጠይቆ፣ ክርክሩ እስከ አእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2010 የመሰረዙ ውሳኔ በከፊል ተሽሯል።

እንግዲህ ቁጠሩ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ የእድሳቱ ዓመታት 2016 እና 2026 ናቸው ማለት ነው። የሲዳሞና የሐረር ደግሞ 2018 እና 2028። በ2005 ያመለከተው መንግሥትና ዛሬ ያለው መንግሥት አንድ አይደሉም። ሹማምንቱ ተለዋውጠዋል፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም ራሱ ተለውጦ ባለሥልጣን ተብሏል። ሲዳማም በ2020 ክልል ሆኗል፤ ብዙ የሲዳማ ተወላጆች «ሲዳሞ» የሚለውን የድሮ የክፍለ ሀገር መጠሪያ የማይወዱት ስም ነው። መዝገቡ ግን የካርታውን መለወጥ አያውቅም፤ የተመዘገበው ስም እንደተመዘገበ ይቀጥላል፣ ወይም ቀኑ ያልፍበታል። ቀነ ገደብ ሽግግር የለውም። «አዲስ ስለተሾምሁ ነው» ለሚል ምክንያትም ቦታ የለውም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስለ አገር ሀብት መቆርቆር ማለት ስሙ ሲነካ ብቻ መጮኽ አይደለም። ፋይሉ ክፍት ነው። በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያለ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የቡና ነጋዴ፣ ማንኛውም ዜጋ፣ ማንንም ደጅ ሳይጠና ዛሬ ማታ ሊከፍተው ይችላል። የትኛው መግለጫ መቼ ገባ? የሚቀጥለው ቀን መቼ ነው? ለዚህ ኃላፊው ማን ነው? መልሱን አንብበን ባለሥልጣኑን የምንጠይቀው በቀኑ እንጂ ቀኑ ካለፈ በኋላ አይሁን። አጣሪ ኮሚሽን የሚቋቋመው ፋይሉ ከሞተ በኋላ ነው፤ ፋይሉን በሕይወት የሚያቆየው ግን በየወሩ የሚከፍተው ሰው ነው።

ቸር ይግጠመን።